በዳሊ ሲቲ ጉም ሥር ዘግይተው ስለሚነሡ አበቦች

በዳሊ ሲቲና በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በምናቀርበው በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ የአበባ ዘር ነው፤ ይኸውም ተዘርቶ በሳምንቱ ብቅ የሚለውና በሁለተኛው ወር የሚያብበው ዓይነት ሳይሆን፣ ለመብቀል ብዙ ቀን የሚያስጠብቀው፣ ከበቀለም በኋላ ሁለትና ሦስት ወር ያህል መሬት ላይ ተለጥፎ ያለ መስሎ የማይታየው፣ በመጨረሻ ግን ረጅምና ጠንካራ አገዳ አውጥቶ፣ ተቀጥፎ ውሃ ውስጥ ሲቆም ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይጠወልግ የሚሰነብተው ነው።

ይህን ጉዳይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። መስከረም በጠባ ቁጥር ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ከዚያም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በሚዘልቀው በዘመነ ጽጌ፣ ቤታችንንና ቤተ ክርስቲያናችንን በአበባ ለማስጌጥ የምንሻ ብዙዎች ነን፤ ከእነዚህም መካከል በገዛ እጁ የዘራውን ቆርጦ ለመውሰድ የሚመኘው ጥቂት አይደለም። ይህ ምኞት አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው በእጅ ጉድለት ሳይሆን በዘመን ስሌት ነው። ለመስቀል የሚቀጠፈው አበባ የሚዘራው በጥር ወር ነውና፣ ግንቦት ላይ የፀሐይ ሙቀት ሲሰማው ወደ ሱቅ ሄዶ የዘር ፖስታ የሚገዛ ሰው ከወቅቱ አራት ወር ዘግይቷል። በአገራችን በዝዋይ፣ በሆለታና በሰበታ እየተመረተ በአውሮፕላን ወደ ውጭ የሚላከው ጽጌረዳ የአንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ እየተጣበቀ ወይም ቁርጥራጩ እየተተከለ የሚራባ በመሆኑ፣ ከዘር የሚነሣን አበባ ዝግታ ለመገመት አይረዳንም።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ዝግታ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነው ለማለት አይቻልም። አደይ አበባ ክረምቱ ሲገባ ከሣር መካከል በቅሎ፣ ሐምሌንና ነሐሴን ማንም ልብ ሳይለው እንደ ተራ አረም አረንጓዴ ሆኖ ያሳልፋል፤ ዝናሙ ወደ ማባራቱ ሲቃረብ ግን የእንጦጦን ተዳፋት፣ የሰላሌንና የጎጃምን መስክ በቢጫ ያለብሰዋል። እኛ የምናከብረው አበባውን ስለሆነ፣ ሥሩን ሲሰድ የቆየበትን የዝናም ወራት ከቁጥር አናገባውም። እዚህ ላይ በቅንነት አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ፤ የአደይን ዘር ከአገር ቤት በሻንጣ ይዞ መምጣት፣ ናፍቆቱ የሚገባን ቢሆንም፣ የአሜሪካ ሕግ ለተክል የሚሆን ዘር ከውጭ ሲገባ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ፈቃድ እንዲኖረው ስለሚያዝ፣ በአውሮፕላን ጣቢያ ተወርሶ ይቀራል። ቢጫውን ቀለም ለዓይኑ ብቻ የሚሻ ሰው የአደይ የቅርብ ዘመድ የሆነውንና በዚህ አገር ዘሩ በየሱቁ የሚገኘውን ኮሪዮፕሲስ የተባለውን አበባ ቢዘራ ይሻለዋል።

አሁን ወደምንኖርበት ስፍራ እንመለስ። ዳሊ ሲቲ በ1911 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከተማ ሆና የቆመች፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ደቡብ በፓስፊክ ውቅያኖስ አፋፍ በኮረብታ ላይ የተሠራች ናት። በዚህ አገር የበጋ ወራት ከጥልቁ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ እየወጣ የባሕሩን ዳርቻ ያበርደዋል፤ በዚያው ሰዓት በመሀል አገር ያለው ሸለቆ በፀሐይ ግሎ አየሩ ወደ ላይ ሲነሣ፣ የባሕሩ እርጥብ አየር በፈንታው ወደ ምድር ይሳባል፤ ይህም እርጥብ አየር በቀዝቃዛው ውሃ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆንና ከሳን ብሩኖ ተራራ አጠገብ ባለው ክፍት ሥፍራ እየገባ ከተማዋን ይሸፍናታል። ስለዚህም በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ፣ በሳን ሆዜ ሰው ጥላ ፍለጋ ሲንከራተትና የሙቀቱ መጠን 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ከዚያ 70 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት በዳሊ ሲቲ ከ18 ዲግሪ ገደማ ሳያልፍ ሰዉ ካፖርቱን ደርቦ ይውላል። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ይህን ጉም ያማርራሉ፤ አትክልት የሚወድም ሰው ቲማቲሙ አልቀላልህ ሲለው መሬቱ የማይረባ ይመስለዋል። እኔ ግን ዘግይተው ለሚነሡ አበቦች ከዚህ የተሻለ ማሳደጊያ በቀላሉ እንደማይገኝ አምናለሁ፤ ምክንያቱንም እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከእነዚህ አበቦች ሁሉ በዝግታው የታወቀው ሊሲያንተስ ነው። የትውልድ ስፍራው የሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳ ሲሆን፣ ከነብራስካ እስከ ቴክሳስና እስከ ሰሜን ሜክሲኮ ድረስ በዱር ይገኛል፤ የዱሩ አበባ ባለ ነጠላ ረድፍና ሰማያዊ ሐምራዊ ነው። ይህን የሜዳ አበባ ከጽጌረዳ ጋር እስኪምታታ ድረስ ደራርበው፣ ነጭና ሮዝ፣ ክሬምና ወይን ጠጅ አድርገው ለዓለም ገበያ ያቀረቡት ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በትጋት ያዳቀሉት የጃፓን ሊቃውንት ናቸው። ከእነዚህም አዳቃዮች አንዱ የሆነውና በ1913 በዮኮሃማ የተመሠረተው የሳካታ ዘር ኩባንያ፣ ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ጽሕፈት ቤቱን ከሳን ሆዜ በስተ ደቡብ በሞርጋን ሂል ከተማ አድርጎ ኖሯል።

የሊሲያንተስ ዘር ደቃቅነት ለማመን የሚያስቸግር ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ዘር ይገኛል። ከእህል ሁሉ ደቃቁ ጤፍ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3 ሺህ ገደማ ቅንጣት ብቻ ስለሚይዝ፣ አንዲቱ የጤፍ ቅንጣት ከስድስት እስከ ሰባት ያህል የሊሲያንተስ ዘር ትመዝናለች። የአገራችን ገበሬ ጤፍን በለሰለሰ መሬት ላይ በትኖ በጥልቅ እንደማይቀብረው ሁሉ፣ ይህም ዘር በአፈር አይሸፈንም፤ አንድም በውስጡ ያለው ስንቅ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከጥልቅ ለመውጣት አቅም የለውም፤ ሁለትም ለመብቀል ብርሃን ማየት ይፈልጋል። በእጅ ለመያዝ እንዲያመች ዘር ሻጮቹ እያንዳንዱን ፍሬ በሸክላ መሰል ዱቄት ለብጠው እንደ ትንሽ እንክብል አድርገው ይሸጡታል። እንክብሉ በእርጥብ አፈር ላይ ሲቀመጥ በመጀመሪያ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ቀጥሎም መሀሉ ይሰነጠቅና ልባጩ እየሟሸሸ ወደ ጎን ይፈሳል። ይህ በሚሆንበት ጊዜ አፈሩ ለግማሽ ቀን እንኳ ቢደርቅ ልባጩ ተመልሶ ይጠነክርና ዘሩን እንደ ታሰረ ያስቀረዋል፤ ብዙ ሰው ዘሩ የሞተ ነው ብሎ ሻጩን የሚከስበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

አዘራሩ እንዲህ ነው። የሚዘራበት አፈር ከግቢ የተዛቀ መሆን የለበትም፤ ለዘር ተብሎ የተዘጋጀ፣ ፒትና ቨርሚኩላይት የሚባሉ ቀላል ማቀላቀያዎች ያሉበት ደቃቅ አፈር ያስፈልጋል። ይህም አፈር በውሃ ርሶ በእጅ ሲጨበጥ ጥቂት ጠብታ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን በጠባብ ክፍልፋይ ትሪ ውስጥ ይሞላል፤ በየክፍሉም አንድ አንድ እንክብል በላዩ ይደረጋል። ትሪው ከላይ ውሃ ቢፈስበት ዘሩ ስለሚሸሽ፣ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ከሥሩ እንዲስብ ይሆናል፤ እንጆሪ የሚሸጥበት ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ እርጥበቱን ለመጠበቅ እንደ ክዳን ያገለግላል። ለመብቀል ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ የዳሊ ሲቲ ቤት በጥር ወር ከዚህ ስለሚቀዘቅዝ፣ ለችግኝ የሚሆን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ መግዛት ወይም ትሪውን በማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ መብራት በሚደርስበት ቦታ ማኖር ይቻላል። በዚህ ዓይነት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ዘግይቶ፣ ለዓይን በጭንቅ የሚታዩ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች ይወጣሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ሰውን የሚፈትነው ነው። በአርባኛው ቀን ትሪውን ጎንበስ ብሎ የሚመለከት ሰው የሚያየው፣ በየክፍሉ መካከል ከትንሽ ጣት ጥፍር የማያልፉ፣ አመድማ አረንጓዴ የሆኑ አራት ቅጠሎችን ብቻ ነው፤ ከሳምንት በፊት ያያቸውም እነርሱ ናቸው። በዚህ ጊዜ አትክልተኛው ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተዋቸዋል፣ ወይም ማዳበሪያና ሙቀት ጨምሮ ሊያጣድፋቸው ይሞክራል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። የሊሲያንተስ ችግኝ በዚህ ዕድሜው ኃይሉን የሚያውለው ለሥሩ ነው፤ አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ ቀስ ብሎ ቢያወጡት፣ ከላይ ሁለት ጥንድ ቅጠል ብቻ ያለው ተክል ከታች የክፍሉን ቁመት ሁሉ ወርዶ መጠቅለል የጀመረ ነጭ ሥር ይዞ ይገኛል። በዚህ ሰዓት ሙቀት ቢጨመርበት፣ በተለይም ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ እየሆነ ቢሰነብት፣ ተክሉ ቅጠሎቹን በክብ ዘርግቶ መሬት ላይ ይቀመጥና አገዳ ማውጣቱን ይተዋል፤ ከዚህም ዓይነቱ መቀመጥ ለማስነሣት ለብዙ ሳምንታት በቀዝቃዛ ስፍራ ማቆየትን ይጠይቃል። በሞቃት አገር የሚኖሩ አምራቾች ለችግኝ ቤታቸው ማቀዝቀዣ የሚያቆሙት፣ ወይም ችግኙን ተራራ ላይ የሚያፈሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የዳሊ ሲቲን ጉም አስቡት። የማቀዝቀዣ መሣሪያ በብዙ ወጪ የሚሰጠውን ቀዝቃዛ ሌሊት ተፈጥሮ በነጻ ይሰጠናል፤ ውርጭ ደግሞ በባሕሩ ቅርበት ምክንያት ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አይታይም። ዘሩ ከበቀለ በኋላ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ችግኙን በማይሞቅ ክፍል ውስጥ ከችግኝ መብራት በታች በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት አድርጎ፣ መብራቱን በቀን ለ16 ሰዓት እያበሩ ማቆየት ብቻ በቂ ነው። ውሃው ሁልጊዜ ከታች ይሰጥ፤ የአፈሩም ፊት በመካከሉ ትንሽ ይናፈስ፤ አለዚያ በመጀመሪያ አረንጓዴ ሽፋን፣ ቀጥሎ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች፣ በመጨረሻም የችግኙን አንገት ቀጭን አድርጎ የሚጥለው ሻጋታ ይመጣል።

በዚህ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ አበባ ለገበያ ማሳደግን በሰፊው ያቋቋሙት ሰዎች ታሪክ ስለ ዝግተኛ ዘር ለሚያስብ ሰው ትልቅ ትምህርት ስላለው፣ ከአዘራሩ ጥቂት ወጣ ብለን እንመልከተው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ከጃፓን የመጡት የዶሞቶ ወንድማማቾች በኦክላንድ የችግኝ ጣቢያ ከፍተው ነበር፤ እነርሱን እየተከተሉ የመጡ የጃፓን ተወላጆች ክሪሳንተመምና ካርኔሽን እያበቀሉ ለሳን ፍራንሲስኮ ያቀርቡ ነበር፤ በ1912 የካሊፎርኒያ አበባ ገበያ የተባለውን ማኅበር በሕግ አስመዘገቡ። በዳሊ ሲቲ ጎን ባለችው በኮልማና በባሕሩ ዳርቻ ደግሞ የኢጣሊያ ተወላጆች ጎመንና አርቲቾክ፣ ከዚያም ጋር የአበባ ተክል በዚሁ ጉም ውስጥ ያለሙ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ በ1900 በከተማው ውስጥ አዲስ መቃብር እንዳይቆፈር ስለ ከለከለች፣ ኮልማ የብዙ ከተሞችን ሙታን የተቀበለች የመካነ መቃብር ከተማ ሆናለች፤ በዚህም የተነሣ የአበባ ፈላጊ በዚያ ሰፈር ጠፍቶ አያውቅም።

ነገር ግን በ1913 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ያወጣው የመሬት ሕግ፣ የአሜሪካ ዜግነት እንዳያገኙ የተከለከሉት የእስያ ስደተኞች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ አገደ፤ ኪራዩንም በሦስት ዓመት ወሰነ፤ በ1920 የወጣው ሁለተኛው ሕግ ኪራዩንም ጭምር ከለከለ። መሬቱ ነገ የእርሱ መሆኑን የማያውቅ ሰው፣ ከተተከለ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ሙሉ ምርት የሚሰጥ ሥር ለመትከል እንዴት ይደፍራል? ብዙዎቹ ግን በዚህ አገር በተወለዱት ልጆቻቸው ስም እየገዙ በዚያው ሥራ ጸኑ። በየካቲት ወር 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጃፓን ተወላጆችን ከባሕሩ ጠረፍ ለማስወጣት የፈረሙት ትእዛዝ ሲወጣ፣ እነዚህ ሰዎች በዚያው የጸደይ ወራት በሜዳውና በመስታወት ቤቱ ያለውን አበባ እንዳለ ትተው እንዲወጡ ተደረገ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከዳሊ ሲቲ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው በሳን ብሩኖ፣ ታንፎራን በተባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ውስጥ፣ ፈረስ ሲታሰርበት በነበረ ጋጣ ለወራት ኖሩ። በዚያም ሳሉ አትክልት ተክለዋል፤ ኵሬም ቆፍረዋል። ዛሬ በዚያ አጠገብ በባቡር የሚያልፍ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው እላለሁ። የመሬቱ ሕግ በካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረሰው በ1952 ነው።

የእኛም አድማጮች አብዛኛዎቹ በኪራይ ቤት፣ አንዳንዶቹም በሌላ ሰው ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሚኖሩ ናቸውና፣ የዘገየ አበባ ከመዝራታቸው በፊት እስከ መስከረም በዚያ መኖራቸውን ማሰብ አለባቸው። ርግጠኛ ያልሆነ ሰው መሬት ላይ አይትከል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው፣ ሥሩ በተበሳ ባልዲ ወይም የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ቢተክል ቤት ሲቀይር ይዞት ይሄዳል። በረንዳ ያለው እንኳ ሦስትና አራት ባልዲ ማቆም አያቅተውም።

ከሊሲያንተስ ሌላ ለዳሊ ሲቲ የሚስማሙ ዝግተኞች አሉ፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ላርክስፐር ብርሃን አይሻም፤ ይልቁንም ጨለማና ብርድ ይፈልጋል፤ ከ13 ዲግሪ በላይ በሆነ አፈር ውስጥ በደንብ አይበቅልም። ስለዚህ ችግኝ ማፍላት ሳያስፈልግ፣ የዚህ አገር ዝናም ሲጀምር፣ በኅዳር ወር መሬቱን ቆፍሮ መዝራትና በግማሽ ሳንቲ ሜትር አፈር መሸፈን ነው፤ ክረምቱን ሙሉ እንደ ድንብላል የተሠነጣጠቀ ቅጠሉን ይዞ ዝቅ ብሎ ይቆይና፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ለፋሲካ ወይም ለግንቦት ልደታ፣ ሰማያዊና ነጭ ዘንጉን ያወጣል። በአገራችን የዘመን አከፋፈል ከሰኔ 26 ቀን የሚገባው የዘርና የደመና ወራት እዚህ አገር ኅዳር ላይ መጣ ብሎ ማሰብ፣ ለአዲስ መጭ ሰው ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይረዳዋል፤ በዚህ በካሊፎርኒያ ዝናሙ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ሐምሌ ደረቅ ነው፤ ጉሙም ቅጠል ያረጥባል እንጂ ሥር አያጠጣም።

ዴልፊኒየም የላርክስፐር ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ዘሩ በሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ሕይወቱ ቶሎ ይጠፋል። ሲገዙት ከሱቁ መስኮት ፀሐይ ላይ የተደረደረውን አለመውሰድ፣ ወደ ቤት እንደ ደረሰም ፖስታውን በተከደነ ጠርሙስ አድርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ይገባል። ሲዘራ በስሱ ይሸፈናል፤ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይበቅላል፤ ማሞቂያ ምንጣፍ ፈጽሞ አይፈልግም። ስናፕድራገን ደግሞ ዘሩ በአንድ ግራም ወደ 6 ሺህ የሚሆን ደቃቅ ነው፤ ሳይሸፈን ይዘራል፤ በመጀመሪያው ወር የሚያድግ አይመስልም፤ ከዚያ በኋላ ግን ይፈጥናል። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ይስማ፤ ላርክስፐርና ዴልፊኒየም ከዘራቸው እስከ ቅጠላቸው መርዝ አላቸው፤ ዘሩን ከበርበሬና ከጥቁር አዝሙድ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም፤ ሥራው ካለቀ በኋላም እጅን መታጠብ ያስፈልጋል።

ጉሙን እስካሁን አመስግነናል፤ ጉዳቱንም መናገር ተገቢ ነው። ሊሲያንተስ በችግኝነቱ ቅዝቃዜ ቢወድም፣ አገዳ ካወጣ በኋላ ፀሐይና ደረቅ አየር ይሻል፤ በዳሊ ሲቲ ከሳን ሆዜው አንድና ሁለት ወር ዘግይቶ ከማበቡም በላይ፣ እምቡጡ ላይ ጉም ያረፈበት እንደ ሆነ ግራጫ ሻጋታ ይይዘውና አበባው ሳይፈታ ይበላሻል። በሳን ሆዜ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ አበባው በፀሐዩ ያምራል፣ ችግኙ ግን ቶሎ በሚመጣው ሙቀት ይቀመጣል። ስለዚህ እኔ ለወገኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ፣ ሥራውን በከተሞቹ መካከል መከፋፈል ነው። በዳሊ ሲቲ የሚኖረው በጥር ዘርቶ፣ ችግኙን ስምንትና አሥር ሳምንት በቀዝቃዛ ክፍሉ ያሳድግ፤ ሦስት ጥንድ ቅጠል እንዳወጣና ሥሩ ተጠቅልሎ ሳይጨማደድ፣ በመጋቢት መጨረሻ ግማሹን ለኦክላንድና ለሳን ሆዜ ዘመዶቹ ይስጥ። አረንጓዴ መስመር የሚባለው የባርት ባቡር ከዳሊ ሲቲ ተነሥቶ በኦክላንድ በኩል እስከ ሳን ሆዜው የቤሪዬሳ ጣቢያ ሳይቀየር ስለሚሄድ፣ አንድ ትሪ ችግኝ በጭን ላይ ይዞ መሄድ አይከብድም። ተቀባዮቹም በምላሹ በሐምሌ የመጀመሪያውን አበባ ያመጣሉ፤ አገዳውን ከሥሩ ሁለትና ሦስት ጥንድ ቅጠል አስቀርተው ከቆረጡት፣ ያው ተክል ለሁለተኛ ጊዜ አቆጥቁጦ ወደ መስከረም ማለቂያ ያብባል። የዳሊ ሲቲው ደግሞ በራሱ ዝግታ ወደ መስቀል ይደርሳል።

የሊሲያንተስ ችግኝ ሲተከል በመካከሉ 15 ሳንቲ ሜትር ይተው፤ ጉም ባለበት ሰፈር ነፋስ እንዲያልፍ ከዚህም ቢሰፋ ይመረጣል። የዳሊ ሲቲ መሬት በብዙ ቦታ አሸዋማ ስለሆነ ውሃ አያቋርም፤ ይህ ለሥሩ መልካም ነው፤ ሆኖም በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ሊጨመርበት ይገባል። ሊሲያንተስ ኮምጣጣ አፈር አይወድም፤ የቡና አተላ የሚያፈስ ሰው ወደ ሌላ ተክል ቢያደርገው ይመከራል። አገዳው 60 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ነፋስ እንዳይጥለው በአራቱ ማዕዘን እንጨት ተክሎ ገመድ በአግድም መዘርጋት ያስፈልጋል፤ በከሰዓት በኋላ ከውቅያኖስ የሚነሣውን ነፋስ የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይዘነጋም። ችግኝ የማፍላት ጊዜ የሌለው ሰው ከችግኝ ጣቢያ ገዝቶ ቢተክል አይነቀፍም፤ አበባ የሚሸጡ ገበሬዎችም የሊሲያንተስን ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዙት ይህንኑ ሥራ ከተለማመዱ ጣቢያዎች ነው።

አቆራረጡን በአጭሩ ልናገር። ሁልጊዜ በማለዳ፣ ንጹሕ መቀስ ይዞ፣ ሊሲያንተስን የመጀመሪያው አበባ ሙሉ ቀለሙን ይዞ ሲፈታ፣ ዴልፊኒየምንና ስናፕድራገንን ደግሞ የዘንጉ ታችኛ ሲሶ ሲያብብ መቁረጥ ነው። ውሃው ውስጥ የሚገባው ቅጠል ሁሉ ይነቀል፤ ወዲያውም በጥልቅ ውሃ ውስጥ በጥላ ለጥቂት ሰዓት ይቁም። ስናፕድራገን ወደ ቤተ ክርስቲያን በመኪና ሲወሰድ ተጋድሞ እንዳይተኛ፤ የተጋደመ ዘንግ በሰዓታት ውስጥ ጫፉን ወደ ላይ ስለሚያጎብጥ፣ ከዚያ በኋላ ቢያቆሙት አይቃናም።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነውን ዘር በተመለከተ፣ ሊሲያንተስ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው የተዳቀለ ስለሆነ ከአበባው የሚለቀመው ፍሬ እናቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ ቢገዛ ይሻላል። ላርክስፐር ግን ዘሩን በገፍ ይሰጣል፤ ሰኔ ላይ ፍሬው ቡናማ ሆኖ ጫፉ መከፈት ሲጀምር በወረቀት ከረጢት ውስጥ አራግፎ፣ አንድ ሳምንት በጥላ አድርቆ፣ ስሙንና ዓመቱን በላዩ ጽፎ በተከደነ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ኅዳር ማቆየት ይቻላል። የዴልፊኒየምን ዘር ግን ከዓመት በላይ አታቆዩት።